የአንሺውን ስም አትፋቁ

ወገኖች፣ የጦርነት ሬሳ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ ትበትናላችሁ፤ ማን አነሣው፣ የት፣ መቼ ቢሏችሁ ግን መልስ የላችሁም። ነውር ነው! ጃፓናዊውን የጦር ሠራዊት ፎቶ አንሺ ዮሱኬ ያማሃታን አስቡት።

ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ የፈነዳው ነሐሴ 3 ቀን 1937 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ነው። ያማሃታ ከአንድ ጸሐፊና ከአንድ ሠዓሊ ጋር ሚቺኖ ባቡር ጣቢያ የደረሰው በማግሥቱ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። የታዘዘው ለፕሮፓጋንዳ የሚሆን ፎቶ እንዲያመጣ ነው። በጨለማ ፍርስራሹን አቋርጦ ወደ ደቡብ ሄደ፤ ሲነጋ ማንሣት ጀመረ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሲያቆም ከ100 በላይ ምስል ይዟል። ድብልብል ሩዝ በእጁ የያዘው፣ ፊቱ የቆሰለው ሕፃን ከእነዚያ አንዱ ነው። አገሩ ስትሸነፍ ኔጋቲቮቹን፣ ማለትም ፎቶው የሚታተምባቸውን ፊልሞች፣ ለማንም አላስረከበም። የአሜሪካ ጦር ሳንሱር እስኪነሣ፣ እስከ 1944 ዓ.ም. ድረስ፣ ጠበቃቸው። በ48 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። የሄደበት መንገድና ሰዓቱ ስለሚታወቅ ዛሬ ማንም ፎቶዎቹን ሐሰት ናቸው ሊል አይችልም።

እኛስ? የየካቲት 12ን ግፍ የሚያሳዩ ብዙ ፎቶዎች የፋሺስት ወታደሮች ራሳቸው ያነሷቸው ናቸው፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? እናንተ ግን የሌላ ዓመት፣ የሌላ አገር ሬሳ ትቀላቅሉባቸዋላችሁ። አንዷ ስትጋለጥ ካጁ ሁሉንም ይጥላቸዋል።

ቤታችሁ የአባት ወይም የአያት ኔጋቲቭ ካለ በጠርዙ ያዙት፤ የጣት ወዝ ፊልሙን ይበላዋል። በላስቲክ ከረጢት አትቋጥሩት፤ እርጥበት ታፍኖ ይሻግታል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በደረቅ ወረቀት ፖስታ ለየብቻ አኑሩት፤ 35 ሚሊሜትሩን ቢያንስ በ3000 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አስደርጉ። በታተመው ፎቶ ጀርባ ቦታና ቀን ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ በፊቱ በኩል ይወጣል፣ ቀለሙም ይደማል። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ይጨመቃል፣ ካሜራው የመዘገበው ቀንና ሰዓትም ይጠፋል። ጠርዙን አትቁረጡ፤ የመንገድ ስም ወይም የሱቅ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። አንሺው ካልታወቀ «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ የራሳችሁን ገጽ ስም በሟቹ ደረት ላይ አትለጥፉ።