ማስተካከያ፦ የኬፕ ቨርዴ ሊግ እኔ እንዳልኩት አይደለም

ባለፈው ጽሑፌ ኬፕ ቨርዴ ውስጥ ክለቦቹ ዓመቱን ሙሉ በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጭ የሚጋጠሙበት አንድ የእግር ኳስ ሊግ አለ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። አገሪቱ የ10 ደሴቶች አገር ናት። ሰው የሚኖረው በ9ኙ ላይ ሲሆን ሳንታ ሉዚያ ባዶ ናት። በየሳምንቱ ባሕር እያቋረጡ መጫወት ደግሞ ለትንንሽ ክለቦች የሚቻል ወጪ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ደሴቶቹ የየራሳቸውን ሻምፒዮና ያካሂዳሉ፤ ሳንቲያጎና ሳንቶ አንታዎ ግን ሰሜንና ደቡብ ተብለው ለሁለት ስለሚከፈሉ ውድድሮቹ 11 ይሆናሉ። የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው፣ የየአካባቢው አሸናፊዎች ተገናኝተው በሚያደርጉት አጭር ውድድር።

ሌላም አለ። ብዙ ዋንጫ ያለው የዋና ከተማዋ ስፖርቲንግ ፕራያ ነው ብያለሁ። አይደለም፣ የሳኦ ቪሴንቴ ደሴቱ ሚንዴሌንሴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተ፣ ከአገሪቱ ነፃነት በ53 ዓመት የሚቀድም ክለብ። የዚህን ክለብ ታሪክ ለሌላ መስጠቴ በጣም ቆጭቶኛል።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይሄንንም አጋሩልኝ።