ፓርላማው ሲዘጋ ገበሬው ይዘራል

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ ሕገ መንግሥቱ ቀኑን ሳይቀር ቆርጦ አስቀምጧል። አንቀጽ 58 እንደሚለው ዓመታዊው ስብሰባ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀመርና ሰኔ 30 ቀን ያበቃል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ይህን አንቀጽ በጽሑፎቼ ስንት ጊዜ እንደጠቀስሁት አላስታውስም። ከእርሻ ወራት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ እንዳየው ያደረጉኝ ግን ምዕራብ ጎጃም የሚያርሱት አጎቴ ናቸው። ስለ ምክር ቤቱ አንዳንድ ነገር ሳጫውታቸው «ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል» አልኋቸው። ሞፈር እየጠረቡ ነበር። መጥረቢያቸውን አቆሙና «እኛ ሥራ ስንጀምር እነሱ ጨረሱ ማለት ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በቆሎ ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ሲይዝ ይዘራል፤ ስንዴው በሰኔና በሐምሌ ይከተላል፤ ጤፍ ሐምሌን ይጠብቃል። የምክር ቤቱ በር የሚዘጋባት ሳምንት ገበሬው ጭቃ ውስጥ የሚገባባት ሳምንት ናት። ምክር ቤቱ ክረምቱን ሙሉ ይቀመጥ እያልሁ አይደለም። ለገበሬ የቆመ ተመራጭ ማን እንደሆነ መለየት የፈለገ ሰው ግን አባሉ በጥቅምት ምን እንደጠየቀ ይመልከት። በሰኔማ ሁሉም ይጠይቃል።

ማዳበሪያን እንውሰድ። አገራችን የምትጠቀምበት የአፈር ማዳበሪያ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ፍላጎቱ ከቀበሌ ተሰብስቦ በወረዳና በዞን አልፎ ክልል ይደርሳል፤ ግብርና ሚኒስቴር ያጠቃልለዋል፤ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ዓለም አቀፍ ጨረታ ያወጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ይፈቀዳል፤ መርከቡ ጂቡቲ ይደርሳል። ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ማዕከላዊ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይሄዳል። ከእነዚህ ቋጠሮዎች አንዱ በኅዳር ከላላ ጉዱ የሚታየው በግንቦት ነው። በግንቦት ደግሞ ሚኒስትር ጠርቶ ማፋጠጥ ይቻል ይሆናል እንጂ መርከብ በቁጣ አይፈጥንም።

ከከተማ ሆነን «ማዳበሪያው ገባ» የሚል ዜና ስንሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ኤንፒኤስ የሚባለው የማዳበሪያ ዓይነት፣ ብዙ ገበሬ እስከ ዛሬ በዱሮው ስም «ዳፕ» እያለ የሚጠራው፣ ከዘር ጋር አፈር ውስጥ የሚገባ ነው። ሌላው ዓይነት፣ ዩሪያ፣ በአብዛኛው ቡቃያው ከተነሣ በኋላ ይጨመራል። በቆሎው ጉልበት ከደረሰ በኋላ የመጣ ኤንፒኤስ ለዚያ በቆሎ ምን ያደርግለታል? ገበሬው ወይ ለከርሞ ጎተራ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ወይ በርካሽ ይሸጠዋል፤ ዕዳው ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ሚኒስቴሩ ዘንድሮ ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል አቀረብሁ ሲል ከአባላቱ አንዱ ተነሥቶ «ምን ያህሉ ከዘር በፊት ቀበሌ ደረሰ?» ማለት አለበት። ይህን ጥያቄ በቀጥታ ስርጭት ስንት ጊዜ ሰምተናል?

2015 ዓ.ም.ን የሚረሳ ያለ አይመስለኝም። የዓለም ገበያ ዋጋ ንሮ፣ የዩክሬን ጦርነት ተጨምሮበት፣ በአማራ ክልል ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ለማለት የመጣበት ዓመት ነው። በዚያ ክረምት መግቢያ አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ማዳበሪያ ከሚታደልበት መጋዘን በር ላይ ስደርስ ሰው አላየሁም። ያየሁት ድንጋይ ነው። ከበሩ ጀምሮ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ አንድ በአንድ የተደረደረ ድንጋይ፤ በመካከሉ የተሰበረ የጋን አፍ፣ ያረጀ ኮንጎ ጫማ፣ በቀይ ጨርቅ የታሰረ የእንጨት ጉማጅ። ወረፋ ነው። ባለቤቶቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ የራሱን ያውቃል። አጎቴ የእሳቸውን ከአውድማቸው ጥግ አንሥተው ነው ያመጡት። አንዲት ፍየል መጥታ ሁለቱን አንከባለለቻቸውና ማን ቀዳሚ ነበር በሚል ሁለት ጎረቤታሞች ሊደባደቡ ደረሱ። ሲመሽ ጠባቂው ብቅ ብሎ «ዛሬ የለም» አለ። ሰዉ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ድንጋዩ አደረ።

በእነዚያው ሳምንታት ምክር ቤቱ የቀጣዩን ዓመት በጀት ይዞ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚገባ ሰኔ ሁልጊዜ የበጀት ወር ነው፤ ጥያቄም ቁጣም የሚበዛው ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ያለው ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ግዥው ቀደም ብሎ እንዲጀመር ተደርጓል ሲባል እንሰማለን። መልካም ነው። ቀደም ያለ ግዥ ግን ቀደም ያለ ተቆጣጣሪም ይፈልጋል።

የምክር ቤትና የገበሬ ግንኙነት በእኛ አገር ከጥንቱም የተጣመመ ነው። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ሁለተኛውን ቤት፣ የሕግ መወሰኛውን፣ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙት ነበር። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ውል የሚመለከተው ረቂቅ እዚያ ቤት ገብቶ ምን እንደገጠመው መገመት አይከብድም። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው የወጡት በዚሁ ጉዳይ ነበር። ረቂቁ ተከለሰ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቀረበ፤ ሳይጸድቅ ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ የሚጠየቅ ምክር ቤትም አልነበረም። በ1960 የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ደግሞ ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ነው፤ ጎጃም ግን «ቀላድ ሊጣልብን ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው» ብሎ፣ መሬቱ እንዳይለካ ፈርቶ፣ ተነሣ። ግብሩ ጥሩ ነበር መጥፎ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚገርመኝ ሕጉን ባጸደቀው ቤትና ሕጉ በሚወርድበት ጓሮ መካከል ቀድሞ ሄዶ የሚያስረዳና የገበሬውን ስጋት ይዞ የሚመለስ ሰው አለመኖሩ ነው።

ዛሬ ንብረት የሚጠይቅ የለም። ገጠር የተወለደ፣ ከብት የጠበቀ ተመራጭ ሞልቷል። ታዲያ ርቀቱ ለምን አልጠበበም? አንዱ ምክንያት ያው ካላንደሩ ነው ባይ ነኝ። ቤቱ ሰኔ ላይ ሲዘጋ አባላቱ ወደ መራጩ ይወርዳሉ፤ መራጩ ደግሞ አረም ላይ ነው። አንድ ጊዜ በነሐሴ፣ በአንድ ወረዳ ከተማ፣ እንዲህ ያለ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃ፣ ግድግዳው ላይ አዲስ የተጻፈ ጨርቅ፣ ከፊት ረድፍ የተመረጡ ሞዴል አርሶ አደሮች። ንግግሩ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ጥያቄ ያላቸው መስሎን ዝም አልን። «ክቡርነትዎ፣ እኔ ወደ አረሜ ልመለስ፤ አበል ካለ ልጄ ይቀበልልኛል» ብለው ወጡ። አዳራሹ ሳቀ። ተመራጩም ሳቁ፤ እንደ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

የተለየ ሰው አላየሁም አልልም። የቀድሞ የምክር ቤት አባል የሆኑ አንድ የማውቃቸው ሰው ባለ ካሬ ደብተር ነበራቸው። በየገጹ ራስ ላይ የአንድ ቀበሌ ስም ተጽፏል። ከሥሩ ማዳበሪያው መጋዘን የገባበት ቀን፣ ስንት ኩንታል ተጠይቆ ስንት እንደመጣ፣ የምርጥ ዘሩ ዓይነት፣ ከወረዳ ከተማው የሚያደርሰው መንገድ በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ። ወደ ምርጫ ወረዳቸው የሚሄዱት በአብዛኛው በዓመቱ መሐል ባለችው የአንድ ወር ዕረፍት ነው፤ ውቂያው አልቆ ገበሬው ትንፋሽ የሚያገኝበት ጊዜ ነው። አዳራሽ አይወዱም። የገበያ ቀን ጠብቀው እህል ተራ ይቀመጣሉ። ቋሚ ኮሚቴው ኃላፊዎቹን ጠርቶ ሲጠይቅ ያችን ደብተር ይዘው ይገባሉ። እንዲያ ያለ ሰው ፊት ሪፖርት ማንበብ ቀላል አይደለም። «በአብዛኛው ተደራሽ ሆኗል» የምትል ዓረፍተ ነገር የመጋዘን ቁጥር ፊት አትቆምም። በቴሌቪዥን ብዙም አይታዩም ነበር፤ ድምፃቸውም ለቴሌቪዥን የሚሆን አልነበረም።

ደብተሩ ለማዳበሪያ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በ2011 ምክር ቤቱ በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ላይ አዋጅ ቁጥር 1147 አውጥቷል፤ ገበሬው ከብቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር በር የሚከፍት ነው። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324ም በይዞታ መብት መበደርን ያውቀዋል። ሕጎቹ በወጡ ጊዜ አጨብጭበናል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን የሚቀረው አሰልቺው ሥራ ነው። የይዞታ ደብተሩን ይዞ ባንክ መስኮት ላይ የቆመ ገበሬ ምን ተባለ? ስንቱ ተበደረ? ስንቱ «ቤት ወይም መኪና አለህ?» ተብሎ ተመለሰ? ብሔራዊ ባንክን ጠርቶ በክልል በክልል ቁጥሩን መጠየቅ የሚችለው ሕጉን ያወጣው ቤት ራሱ ነው። ሕግ አውጥቶ ወዴት እንደደረሰ አለመጠየቅ ዘርቶ አለማረም ነው።

ዋጋም አለ። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 8 ገበሬውና አርብቶ አደሩ ለምርታቸው ተገቢ ዋጋ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በጥር እህል ተራ የሄደ ሰው ይህን አንቀጽ ቢያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሁሉም የማዳበሪያ ዕዳ ሊከፍል በአንድ ጊዜ እህል ያወጣል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ በሐምሌ ያው ገበሬ ከሸጠበት በላይ ከፍሎ ይሸምታል። መፍትሔው ቀላል ነው የሚል ሰው አላምንም። ብድሩ የሚመለስበት ወር ትንሽ ቢገፋ፣ ማኅበራቱ እህል የሚገዙበት ገንዘብ በጥር በእጃቸው ቢኖር ግን ለውጥ ይመጣል፤ ሁለቱም በጀትና የብድር መመሪያ እንጂ ተአምር አይጠይቁም።

የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካን ነገር ማንሣት ያሳፍራል፤ ግን አንሥቼ ልለፍ። ሜቴክ፣ ማለትም የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ይዞት የነበረ፣ ብዙ ቢሊዮን ብር የፈሰሰበት፣ አንድ ከረጢት ሳያመርት የቆመ ፕሮጀክት ነው። ገንዘቡ ሲወጣ ምክር ቤት ነበረ፤ ጥያቄው የጠነከረው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። በነሐሴ 2017 ደግሞ ሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቆም ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈርሟል። ይቅናን። ያችን ባለ ካሬ ደብተር የሚይዝ ሰው አንድ ገጽ ከዛሬው ለጎዴ ቢመድብላት ጥሩ ነው።

«አንድ አባል ብቻውን ምን ያመጣል? ፓርቲው ካልፈቀደለትስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን አንቀጽ 54 አባሉ ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል፤ መራጩ እምነት ካጣበት ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። ይህን ብንተወው እንኳ፣ የመጋዘን ቁጥር መጠየቅ የየትኛው ፓርቲ መስመር ይጥሳል? እንዲያውም የገዥው ፓርቲ አባል ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ስልክ ሲደውል ይነሣለታል።

በኅዳር መግቢያ ለአጎቴ ደውዬ ነበር። ጤፍ አጨዳ ላይ ናቸው። የግብርና ባለሙያው የከርሞውን የማዳበሪያ ፍላጎት ለመመዝገብ መጥቶ እንደነበር ነገሩኝ። ሦስት ኩንታል ጠይቀው ሁለት ተጻፈላቸው፤ ለምን ቢሉ «ኮታው ነው» ተባሉ። ይህን ለተመራጫቸው ነግረው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ነሐሴ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ።