ቦርጭ ሲያልፍ ብድግ በሉ

ድሬዳዋ ላይ ከስቶ መታየት ነውር ነው። ሁለት ኪሎ የቀነሰ ሰው ከዚራ ሰፈር ብቅ ካለ አለቀለት። «አቦ ምን ሆነህ ነው? ታመህ ነበር እንዴ? ቤት ውስጥ ሰላም ነው?» ከዚህ ሁሉ ምርመራ መዳኛው አንድ ብቻ ነው፤ ቦርጭ ማውጣት። ባለ ቦርጭ አይመረመርም። ሆዱን ቸብ ቸብ ይደረግና «ተመችቶሃል!» ይባላል።

እኔም ለዚህ ባህላችን ተገቢው ክብር ይሰጠው ባይ ነኝ። የባንክ ደብተር ማገላበጥ ለምን አስፈለገ? ሸሚዙን ማየት ነው። ከታች ሦስተኛዋ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥላ፣ ግራና ቀኝ ያለው ጨርቅ እምብርት እስኪያሳይ ከተላቀቀ፣ ሰውዬው ያለ ዋስ ብድር ይገባዋል።

ለዚህ ስኬት ትልቁ ባለውለታ ሽርጥ ነው። ሱሪ ነገረኛ ነው፤ አምና የገባው ዘንድሮ እምቢ ይላል። ቀበቶም ቀዳዳ እየቆጠረ ያሳጣል። ሽርጥ ግን ምስጢር ጠባቂ ነው። ጠቅለል፣ ሸጎጥ፣ በቃ። ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ አሳበን ሽርጣችንን እንታጠቅና በርጫው ላይ ጋደም እንላለን። ለስላሳው በላይ በላዩ ይወርዳል። አንዱ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ጫቱ ምግብ ይዘጋል አይደል? አይዞን፣ ማታ በጨብሲው ይከፈታል። ከዚያ ከባቡር ጣቢያው ከዚራ ድረስ በባጃጅ። መንገዱ ሩቅ ነዋ!

ችግሩ ሐኪሞች ምቀኞች ናቸው። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም ይላሉ። በፈረንጆቹ 1994 ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ከስብ ሕዋስ እንደሚመነጭ ከታወቀ ወዲህ ስብን እንደ አንድ ትልቅ ሆርሞን አመንጪ እጢ ነው የሚያዩት። ሌፕቲን ለአንጎል «ስንቅ አለን፣ ይብቃህ» ብሎ የሚነግር ነው። ባለ ቦርጭ ላይ ሌፕቲን ሞልቶ ተርፏል፤ አንጎሉ ነው ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆነው።

ለነገሩ ስብን ራሱን አያወግዙም። ከቆዳ ስር፣ ዳሌና ጭን ላይ የሚያርፈው ደህና መጋዘን ነው፤ የተረፈንን ተቀብሎ በሥርዓት ያኖራል። እንዲያውም የስብ ሕዋስ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ጥቂት ሰዎች አሉ። ሲያዩአቸው ቀጫጭን ናቸው፤ ግን ከባድ የስኳር በሽታ ይይዛቸዋል። ማስቀመጫ የላቸውማ! ጣጣው መጋዘኑ ሲሞላ ነው። ሕዋሶቹ ይለጠጣሉ፣ ነጭ የደም ሴሎች ይሰፍሩባቸዋል፣ ብግነት ይነሳል። የተረፈው ስብ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይራገፋል። ስብ የገባበት ጡንቻ ኢንሱሊን «ስኳሩን አስገባ» ሲለው ጆሮ ዳባ ልበስ። ጉበትም «ስኳር ማምረት አቁም» ቢባል ወይ ፍንክች። ምስኪኑ ቆሽት ኢንሱሊኑን ይጨምራል። ደግሞ ይጨምራል። ይህን ዓመታት ሊገፋበት ይችላል፤ ሲደክመው ነው ስኳሩ ደም ውስጥ የሚቀረው።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ አንጀት መሀል የተሸጎጠው፣ እኛ ቸብ ቸብ የምናደርገው ነው ይላሉ። ከእሱ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ነው የሚሄደው። ዣን ቫግ የሚባል የማርሴይ ሐኪም ገና በፈረንጆቹ 1947 ከዳሌ ስብ የላይኛው ገላ ስብ እንደሚብስ ጽፎ ነበር። ፈረንሳዮች ባቡሩን በ1902 ድሬ አደረሱልን፤ ይቺን ወሬ ግን ጣቢያ ወጥቶ የተቀበላት የለም።

ምቀኝነታቸው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሜትር ይዘው ይመጣሉ። የወንድ ወገብ 94 ሴንቲ ሜትር፣ የሴት 80 ከደረሰ ተጠንቀቁ ይላሉ። ስኳር አፋፍ ላይ ያለ ሰው ከክብደቱ 7 በመቶ ቢቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ቢራመድ በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስም በፈረንጆቹ 2002 በወጣ ጥናት አሳይተዋል። 150 ደቂቃ! በድሬ ሙቀት! የከዚራ ዛፎች እኮ ጥላቸው ለባጃጅ ማቆሚያ ነው እንጂ ለእግረኛ ነው እንዴ?

አንገት ሳይቀር ይመረምራሉ። የአንገት ጀርባ ጠቆር፣ ወፈር፣ ከፋይ ጨርቅ መሰል ካለ፣ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝም ያለበት ምልክት ሊሆን ይችላል አሉ። በሳሙናና በድንጋይ ቢፈገፈግም አይለቅም፤ ቆሻሻ አይደለምና። እኛ ግን መልሱን እናውቀዋለን፤ የድሬ ፀሐይ ነው! ምልክቱ ብብት ውስጥም ይወጣል ለሚሉን ደግሞ መልስ አናጣም። የድሬ ፀሐይ የማይገባበት የለም፤ እጅህን አንስተህ ስትጎርስ ጠብቆ ነው የሚያገኝህ።