ውዳሴ ክራክ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሳይበር ደኅንነት የሚሰጥ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። ሆቴል ውስጥ። ውሃው በጠርሙስ፣ ከረሜላው በሳህን፣ ሁሉም ተሟልቷል። አሠልጣኙ ሱፍ ለብሰዋል። ፕሮጀክተሩ ላይ በትልቁ «መረጃዎን ይጠብቁ» የሚል ተጽፏል። ከግርጌ፣ በቀኝ ጥግ፣ ፈዘዝ ባለ ፊደል ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አለ። ያቺን ጽሑፍ ታውቋታላችሁ። «አክቲቬት ዊንዶውስ።» ይሄ ዊንዶውስ በሕጋዊ ፈቃድ አልተከፈተም ማለቷ ነው። አሠልጣኙ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ሌባ አወሩ። እሷም ሦስት ሰዓት ሙሉ ከጀርባቸው ቆማ መሰከረችባቸው። ከአዳራሹ አንድም ሰው አልሳቀም። ማን ይሳቅ? የሁላችንም ላፕቶፕ ላይ አለች።

ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። በነፃ የሚሰጠውን ትቶ፣ የተሰረቀውን በክራክ፣ ማለትም ያልተገዛ ፕሮግራምን ቁልፍ በሚሰብር መሣሪያ፣ ከፍሎ የሚያስጭን ሕዝብ ምስጋና ሲያንሰው ነው።

ሊኑክስ የሚባል ነገር አለ። እንደ ዊንዶውስ ሁሉ ኮምፒውተሩን አስነስቶ የሚያሠራ ነው፣ ግን በነፃ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ ነው በነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. «እንዲህ ያለ ነገር እየሠራሁ ነው» ብሎ ያስታወቀው። እኛ አገር ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ሰው በላዩ ላይ ጨመረበት። ማውረድ ይቻላል፣ መገልበጥ ይቻላል፣ ለጎረቤት መስጠት ይቻላል። የሚከለክል የለም። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የሊኑክስን ልብ በኪሱ ይዞ ይዞራል። የዓለም 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው።

ይሄን ለሰው ስነግረው ዓይኑን ያጠባል። «ነፃ ከሆነማ የሆነ ነገር አለው» ይላል። ጠንቃቃ ነው፣ በቀላሉ አይሸወድም። ይሄው ጠንቃቃ ሰው ስሙን የማያውቀው ልጅ፣ ከስንት ኮምፒውተር እንደተነካካ በማይታወቅ ፍላሽ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ክራክ ሲጭንለት ሻይ እየጠጣ ይጠብቃል።

ጭነቱ ራሱ ደግሞ ጥበብ አለው። መጀመሪያ አንቲቫይረሱ ይጠፋል። ዘበኛው «ኧረ ይሄ ሰውዬ ሌባ ነው!» እያለ ይጮሃል። እኛ ዘበኛውን እናስርና ለሌባው ቁልፍ እንሰጠዋለን። በሳምንቱ ፍላሻችን ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ሲጠብቀን ግን ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው።

የባለሙያዎቻችንን ቸርነት ለመረዳት የጋሼን ላፕቶፕ ማየት ያስፈልጋል። ጋሼ አጎቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆዩ፣ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ናቸው። ኮምፒውተር የሚፈልጉት ለሁለት ነገር ነው። የአባላትን ዝርዝር ለመጻፍና ውጭ ካለች ልጃቸው ጋር እየተያዩ ለማውራት። ላፕቶፑ ዘገየባቸውና ሱቅ ወሰዱት። ልጁ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፎርማት ይፈልጋል» አለ። መቼም እዚያ ቤት በሽታው ብዙ ነው፣ መድኃኒቱ አንድ። ድምፅ ጠፋ? ፎርማት። ቻርጅ አይዝም? ፎርማት። ስክሪኑ ተሰነጠቀ? እስኪ ለማንኛውም ፎርማት እናድርገው።

500 ብር ከፈሉ። «ፉል ሶፍትዌር ነው የጫንኩልዎት፣ አባባ» ተባሉ።

ፉል ማለት እንግዲህ ፉል ነው። አውቶካድ አለው። የዕድሩን ድንኳን ካስማ በሚሊሜትር እንዲነድፉበት መሆን አለበት። ስሪዲ ማክስ አለው። የተነደፈውን ድንኳን ዙሪያውን እያዞሩ እንዲያዩበት። ፎቶሾፕ አለው፣ የሟች ጉርድ ፎቶ ከደበዘዘ። ፕሪሚየር አለው፣ ቀብሩን ለማቀናበር። ኤስፒኤስኤስ አለው፣ ሰው በየትኛው ወር በብዛት እንደሚሞት ለመተንተን። (ሲያስቡት ይሄኛው ገንዘብ ያዡን ሳይጠቅም አይቀርም።) አርክ ጂአይኤስ አለው፣ ለቅሶ ቤቱን በሳተላይት ካርታ ላይ ለማሳየት። እስከዛሬ ይሄን ሥራ ይሠራ የነበረው ጥሩንባ ነፊው ነው። እሱ እንግዲህ ሌላ ሥራ ይፈልግ። አራት ቪዲዮ ማጫወቻ አለው። ሁለት የመኪና እሽቅድምድም ጌም አለው፣ ጋሼ መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ላፕቶፑ ለመነሳት ድሮ ሦስት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። አሁን ሰባት። ጋሼ ያበሩትና ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

ያልተጫነው የአማርኛ መጻፊያ ብቻ ነው።

ደግሞ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ሲያበቃ ዓለም ተሸበረ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ካልኖረህ አልገባም ይላል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ የለውም። እኛ ግን ቅንድባችን አልተነቀነቀም። አፕዴት የሚባለውን ድሮውኑ ዘግተነዋል። ክራኩን ያጠፋብናላ!

አንዲት የጎረቤቴ ልጅ አለች። እሷ ጋ ስደርስ መቀለድ ያቅተኛል። ዓመት ሙሉ የደከመችበት የመመረቂያ ጽሑፍ ነበራት። ማስረከቢያው ሳምንት ሲቀረው ሱቅ ወስዳ አንድ ፕሮግራም አስጫነች፣ ከነክራኩ። ማታ ስትከፍተው የፋይሎቿ ስም ሁሉ አራት የማታውቃቸው ፊደላት ተቀጥለውበታል። ዴስክቶፗ ላይ አንዲት የጽሑፍ ፋይል ተቀምጣለች። ፋይሎችሽ ተቆልፈዋል፣ እንዲከፈቱልሽ 980 ዶላር ክፈይ ትላለች። በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ቅናሽ አለ፣ 490። ይሄኛው የቫይረስ ዓይነት ዓለም ላይ በዋናነት የሚዛመተው በክራክ ነው፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው። እሷ ግን ማን ነገራት? ሱቁ ስትመለስ ልጁ ምን አላት መሰላችሁ? «ባክአፕ አላደረግሽም እንዴ?» አንተ አይደለህም እንዴ አንቲቫይረሱን በእጅህ ያጠፋኸው? የሰው ዓመት በልተህ ሒሳብ የምትቀበለው በየትኛው ዓይንህ ነው? ልጅቷ አልተመረቀችም። እናቷ የቀሚሱን ጨርቅ ገዝተው ነበር።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ከዚያ በኋላ የጋሼን ላፕቶፕ ወስጄ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ጫንኩበት። እውነቱን ለመናገር ዋይፋዩ እምቢ ብሎኝ ሁለት ሌሊት አስነጋኝ። እኛ የሊኑክስ ሰባኪዎች ይህቺን አንናገርም። ከሰው ጋር በተዋወቅን በአምስተኛው ደቂቃ ስለ ነፃነት እንሰብካለን፣ ስለ ዋይፋይ ካርድ ግን ጭጭ። ሲሠራ ግን ሠራ። የአማርኛ ኪቦርዱ ሴቲንጉ ውስጥ ተቀምጦ ነው የጠበቀኝ። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ነፃ የጽሑፍ መሥሪያ የድሮ ፋይላቸውን ከፈተ። ባለ 4 ጊጋ ራም አሮጌ ላፕቶፕ ዳዊቱ ሳይጋመስ ተነሳ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፣ ጋሼ። የሁሉም ነው።»

«የሁሉም የሆነ ነገር ጠያቂ የለውም።»

የዕድር ጸሐፊ ናቸው እኮ! ሁሉ የሚያዋጣበት፣ ደንቡን ማንም አባል ገልጦ የሚያነበው፣ ድስቱን የፈለገ የሚዋሰው ነገር 30 ዓመት መዝግበዋል። ይሄን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ክራኩን ከየት አመጣኸው?»

«ክራክ የለውም።»

«እንዴት ክራክ አይኖረውም? ኦሪጅናል አይደለማ!»

11 ቀን ቆየ። በ12ኛው ቀን የእህቴ ልጅ መጥቶ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሃከሮች ነው» አላቸው። ጋሼ የተከበሩ ሰው ናቸው፣ በዚህ ዕድሜ ስማቸው ከሃከር ጋር እንዲነሳ አይፈልጉም። ላፕቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሱቁ ወሰዱት። ዋጋው 600 ገብቷል። አሁን ሁለት አውቶካድ አላቸው፣ የ2018 እና የ2021።

ትናንት ደወሉልኝ። ጥግ ላይ አንዲት ጽሑፍ ወጥታ አልጠፋ ብላቸዋለች። ምን እንደምትል ሳልጠይቃቸው ስለ አባላቱ ዝርዝር ጠየቅኳቸው። ፎርማት ሲደረግ ጠፋ እንዴ?

«ምን ይጠፋል? እሱ ደብተር ላይ ነው ያለው» አሉኝ። «ኮምፒውተር ደግሞ ምኑ ይታመናል?»