በቁማቸው የቀበርናቸው ባትሪዎች

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጭምር።

ነገሩ የሆነው እሠራበት በነበረ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራው ጥፋቱ የዚያ ቤት ብቻ ይሆንና ሌሎቻችን እፎይ እንላለን።

ከጓሮው አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ ውስጥ አርባ የኒኬልና የብረት ባትሪ ሴሎች በእንጨት መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ 1.2 ቮልት ነው፤ አርባው በተከታታይ ሲያያዙ 48 ቮልት ይሆናሉ። ቀን ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ይሞላቸዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የክትባቱን ፍሪጅ ሌሊቱንም፣ የክረምቱን ደመናም እነሱ ያሻግሩታል። እኔ እዚያ ከመቀጠሬ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምረው ሲሠሩ ነው የደረስኩባቸው።

የሚንከባከቧቸው አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። በየወሩ ዲስትልድ ውሃ ይዘው ይገባሉ። መጀመሪያ መስኮቱን ይከፍታሉ፤ ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣልና። ከዚያ ክዳኑን እያነሱ፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ምልክቱ ድረስ ይሞላሉ። "እነዚህ ምንም አያስቸግሩም ልጄ፤ ውሃ ብቻ ነው የሚጠይቁት" ይሉኝ ነበር።

ጡረታ ወጡ። ውሃ መጨመር በማንም የሥራ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ማንም አልጨመረም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባትሪዎቹ ደከሙ። ክዳናቸው ላይ ነጭ ዱቄት ጋገረ፣ የውጭ ቆርቆሯቸው ዛገ። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም አባል ሆንኩ። መጥተን በሩ ላይ ቆመን አየናቸው። ወደ ውስጥ እንኳን የገባ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ "በመዛጋቸው ምክንያት አገልግሎት የማይሰጡ" ተብሎ ተጻፈ። ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ቴስተር መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ከቢሮዬ እስከዚያች ክፍል ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ሄጄ አልለካሁም። ባትሪዎቹ እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ተሸጡ።

ያ ነጭ ዱቄት ምን እንደሆነ ኋላ ነው ያነበብኩት። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል። አሮጌውን ፈሳሽ አፍስሶ አዲስ መሙላት ነው መድኃኒቱ። አልሞቱም ነበር። ተጠምተው ነበር።

በምትካቸው አንድ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ መጣ። ያምራል፣ ቀላል ነው፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሊቲየሙን አልወቅስም። የተሠራው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ የተሠራበትን ሠርቷል። እኛ ነን ያልጠየቅነው።

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። መስመሩ ወደቀ፣ መንገዱ ተቆረጠ፣ አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ አልወጣችም። በሁለተኛው ሌሊት ባትሪው አለቀ። ከልክ በላይ ሲወርድ ራሱን እንዲዘጋ የሚያደርግ ኤሌክትሮኒክስ በውስጡ አለ፤ ዘጋ። በአምስተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ ሁላችንም ሮጠን ወጣን። ባትሪው ግን ከሶላሩ የሚመጣውን አልቀበልም አለ። በባለሙያ ካልተከፈተ አይነሳም። እነዚያ የድሮዎቹ ዜሮ ድረስ ቢወርዱም ፀሐይ ስትመጣ እንደገና የሚሞሉ ነበሩ። ባለሙያው የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው።

በዘጠነኛው ቀን ነርሷ የፖሊዮ ክትባቱን ጠርሙስ በመስኮቱ ብርሃን አዙራ አሳየችኝ። ጠርሙሱ ላይ ትንሽ ክብ አለች፤ በመሐሏ ነጣ ያለች ካሬ። ሙቀት ሲያገኛት ካሬዋ እየጠቆረች ትሄዳለች፤ ከክቡ ጋር አንድ ስትሆን ክትባቱ ይጣላል። አንድ ሆናለች። ሌላውን አነሳች፤ እሱም እንደዚያው። ውጭ አግዳሚው ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። በእግራቸው ጭቃውን ተሻግረው የመጡ ናቸው። "ተመለሱ" ያለቻቸው እሷ ናት። እኔ አልወጣሁም። ቢሮዬ ውስጥ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ይህን ይቅር ልለው አልቻልኩም። ለራሴም፣ ለእናንተም።

አዎ፣ ለእናንተም። ምክንያቱም ይህ ጠባይ የሁላችን ነው። ማሽን ሲመረቅ ሪባን ለመቁረጥ እንሽቀዳደማለን። ውሃ የሚጨምር ሰው ሲፈለግ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። የዛገ ስናይ ሞቷል እንላለን። አዲስ ነገር ስናይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያነሳው አንጠይቅም።

አሁን ለምን ይህን አነሳሁ? ብረት እየተመለሰ ስለሆነ ነው። ከፀሐይና ከነፋስ የሚገኘው ኃይል ለቀናት ሲጠፋ አንድን ከተማ ሙሉ የሚያሻግር ርካሽ ማከማቻ ያስፈልጋል። ሊቲየም ለጥቂት ሰዓት ጎበዝ ነው፤ ለቀናት ሲሆን ግን ዋጋው አይቻልም። ብረት ደግሞ ከምድር ቅርፊት 5 በመቶ ያህል ነው። ፎርም ኢነርጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 100 ሰዓት ኃይል የሚሰጥ የብረትና የአየር ባትሪ ይሠራል። ፋብሪካው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዌርተን በምትባል ከተማ፣ ድሮ የብረት ማቅለጫ በነበረበት መሬት ላይ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የተጀመረው የሙከራ ሥራ 1.5 ሜጋዋት ለ100 ሰዓት፣ ማለትም 150 ሜጋዋት ሰዓት እንዲይዝ የታሰበ ነው።

አሠራሩን ሳነብ አለቀስኩ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ብረቱ ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ይዝጋል። ሲሞላ ዝገቱ ተመልሶ ብረት ይሆናል፣ ኦክስጅኑም ይወጣል። መዛጉ ነው ሥራው። እኛ ደግሞ "በመዛጋቸው ምክንያት" ብለን ፈርመናል።

እንከን የለውም አልልም። ከባድ ነው፣ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ከገባበት ኃይል ግማሽ ያህሉን ይበላል። ሰውም ይፈልጋል። ፈሳሹን የሚያይ፣ ውሃውን የሚሞላ፣ ሃይድሮጅኑ እንዳይጠራቀም አየር የሚያስገባ ሰው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም እኮ። ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ብረትን በባትሪ ሞክሮታል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1901 የኒኬልና የብረቱን ባትሪ ይዞ ወጣ፤ በባቡር ምልክቶችና በማዕድን ቆፋሪዎች መብራት ላይ ለአሥርት ዓመታት አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የኤዲሰን የባትሪ ድርጅት ኤክሳይድ ለተባለ ሌላ ባትሪ አምራች ተሸጠ፣ ጥቂት ቆይቶ ምርቱ ቆመ። የብረትና የአየሩንም ናሳን ጨምሮ ብዙዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ሞክረው ትተውት ነበር። ዓለም ራሱ አንድ ጊዜ ጥሎታል። አሁን ጎንበስ ብሎ እያነሳው ነው። ወደ እኛ ሲደርስ ምን እናደርገው ይሆን?

ወገኖቼ፣ እባካችሁ። ብረት ባትሪ የሚገዛ ወረቀት ፊታችሁ ሲመጣ ውሃውን የሚጨምረው ማን እንደሆነ በስሙ ይጻፍ። ደመወዙም ይጻፍ። ጡረታ ሲወጣ የሚተካውም ይጻፍ። የማስወገጃ ወረቀት ሲመጣ ደግሞ ቴስተሩን ይዛችሁ ወደ ክፍሉ ግቡ። በር ላይ ቆማችሁ አትፈርሙ። ስንቶቻችሁ እንደምትሰሙኝ አላውቅም። ደክሞኛል። ግን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባትሪዎቹ ተሸጠው የተጫኑ ቀን አንድ ሴል ከመኪናው ወድቆ አጥሩ ሥር ቀርቶ ነበር። ከዚያ ዝናብ በኋላ አገኘሁትና አስፈቅጄ ወሰድኩት። አሮጌውን ፈሳሽ አፍስሼ፣ በዲስትልድ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ፣ አዲስ ፈሳሽ ሞላሁት። ጓንትና መነጽር አድርጌ ነው፤ ፈሳሹ ቆዳ ይበላል። ሦስት ጊዜ ኃይል ሞላሁት፣ ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻው አወረድኩት። በአራተኛው አንዲት ትንሽ የባትሪ አምፖል አስሬበት ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ እየበራች ነበር። ለአዛውንቱ ደውዬ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና "ውሃውን እንዳትረሳ" አሉኝ።