ለፕላስቲክ ወንበር አሰልጣኞቻችን

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የአርሰናልና የእንግሊዙን ተጫዋች ቡካዮ ሳካን ሲያሠለጥን አመሸ። ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አለ። «ኮች» ነው የምንለው። ልቆጣው ዞር ካልኩ በኋላ ነው፣ ለካ ምስጋና የሚገባው ሰው ነው ያልኩት።

አስቡት እስቲ። አርሰናል ልጁን ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ሄል ኤንድ አካዳሚ ውስጥ አሳደገው። በ2018 (በፈረንጆቹ) ለዋናው ቡድን አሰለፈው፤ አንዴ ግራ ተከላካይ፣ አንዴ ቀኝ ክንፍ እያደረገ ሞረደው። ያ ሁሉ ባለሙያ ያልደረሰበትን ምስጢር ኮች በአንድ ቢራ ደረሰበት፦ «ሁሌ ወደ ግራ እግሩ ነው የሚቆርጠው!» ምስኪን ስዊዘርላንዶች ይህን ቢሰሙ ኖሮ! በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ 80ኛው ደቂቃ ላይ ወደ ግራው ቆርጦ ከሳጥን ውጭ ሲያገባባቸው፣ የሚደውልላቸው ሰው ጠፋ።

የኮች ዋና ሙያ ግን ፔናሊቲ ነው። በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ የሳካን ምት የጣሊያኑ በረኛ ዶናሩማ ካዳነው ወዲህ አልተጽናናም። ጠረጴዛውን ይጠርጋል። ሁለት ሹካ ቋሚ፣ የቢራ ቆርኪ ኳስ፣ የጨው ዕቃው ዶናሩማ (ሁለት ሜትር ሊሞላ አራት ሳንቲ ሜትር የቀረው ሰውዬ በጨው ዕቃ!)። «እየው፤ እንዲህ ነው የሚመታው» ይልና በጣቱ ይጠነቁለዋል። ጎል። ያነሳዋል፣ ይደግመዋል። ጎል። ጨው ዕቃው አንዴ እንኳ አልተወረወረም። ስድስተኛው ላይ ቆርኪው ሹካውን ገጭቶ የጎረቤት ሽሮ ውስጥ ገባ፤ «ይሄ አይቆጠርም፣ ሜዳው ነው» ብሎ አወጣው፣ ጣቱን ላሰ፣ ቀጠለ። አስተናጋጇ ሹካውን ልታነሳ ስትል «ቆይ እህቴ፣ መለያ ምት ላይ ነን!» አላት። ሳካ ያን ቀን 19 ዓመቱ ነበር፤ አምስተኛ መቺ ሆኖ፣ አገር ሙሉ ትንፋሹን ውጦ እያየው። ያም ሆነ ይህ፣ ጨው ዕቃ ላይ አልሞከረም።

ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳካ ኳስ ተነጠቀ፤ ኮችም በቆዳው ጠርቶ ሰደበው። ቃሉን አልደግመውም። የምታውቁት ነው፣ እቤታችንም አለ። ቤቱ ሳቀ። ቀልዴ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚያ ፍጻሜ በኋላ ሳካንና እንደ እሱ ፔናሊቲ የሳቱትን ራሽፎርድንና ሳንቾን በጥቁርነታቸው የሰደቧቸውን እንግሊዞች ስንረግም አልነበር? እዚያ እንኳ ፖሊስ የያዛቸው አሉ። እኛ የናይጄሪያውያንን ልጅ የምንሰድበው በየትኛው ቆዳችን ነው? ነውር ነው። የሳቀውም፣ ዝም ያልኩት እኔም፣ ነውረኞች ነን።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሚያዝያ 2025 ማድሪድ ላይ የሪያል ማድሪዱ በረኛ ኩርቱዋ ሌላ የሳካ ፔናሊቲ ያዳነበት ማታ ኮች «አለቀለት፣ ይሸጥ» ብሎ ፈረደ፤ ከረፍት በኋላም ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ሲመለስ ቤቱ በጩኸት ተናውጧል።

«ማነው ያገባው?»

«ሳካ!»

ተቀመጠ። ቆርኪውን ከኪሱ አወጣ፣ አገላብጦ አየው።

«በየትኛው እግሩ?»