ቅጠሉ አለቀ ማለት ተክሉ ሞተ ማለት አይደለም

ክሪፕቶኮሪን በአኳሪየም (ዓሣ በሚቀመጥበት የመስታወት ገንዳ) ውስጥ የሚተከል የውሃ ተክል ነው። «ክሪፕቶኮሪን ቅጠሉን ከጣለ ሞቷል፤ ነቅለህ ጣለው» የሚለው ምክር ስህተት ነው። እባክህ ወንድሜ፣ አትንቀለው! አብዛኛው የአኳሪየም ተክል በችግኝ ጣቢያ የሚያድገው ቅጠሉ ከውሃ በላይ ሆኖ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ ቅጠል አይሆነውም፤ እየሳሳ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምርና ሙልጭልጭ ብሎ ይበሰብሳል። ክሪፕቶኮሪን ደግሞ ቦታው ሲቀየር ወይም የውሃው ሁኔታ በድንገት ሲለወጥም እንዲሁ ነው።

ሥሩን በጣትህ ጫን አድርገህ እየው። ጠንካራና ነጣ ያለ ከሆነ በሕይወት አለ። የበሰበሰውን ቅጠል ብቻ ቆርጠህ አውጣ፤ እዚያው ከቀረ አሞኒያ ይፈጥርና ዓሣዎቹን ይጎዳል። ማዳበሪያም አታብዛ፤ ቅጠል የሌለው ተክል ብዙም አይወስደውም፣ አልጌ ግን ይፋፋበታል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመሃል አዲስ ቅጠል ያወጣል። ሥሩ ጠቁሮ ከላላና ከሸተተ ብቻ ያኔ ጣለው።